ከሲቲ ስካን በፊት አስተርጓሚ ይጠራ

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። አንዳንድ ሌሊት ስልኬ የሚጮኸው ከሆስፒታል ነው። በቅርቡ በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተደወለልኝ። ሐኪሙ የሚናገረው አረብኛ ነው፤ ታካሚዋ ደግሞ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ በቤት ሠራተኝነት የምትተዳደር እህታችን። ሐኪሙ ሰላምታውን እንደጨረሰ "የሚጥል በሽታ እንዳለባት ነግራናለች፤ መድኃኒቷን ለምን እንዳቋረጠች ይጠይቁልኝ" አለኝ።

ጠየቅኋት። ልጅቷ ደነገጠች። "ኧረ በስመአብ! እኔ የሚጥል በሽታ የለብኝም፤ ማነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ። "ታዲያ ምን ብለሽ ነገርሻቸው?" ስላት "ድንገት ጣለኝ ነው ያልኩት" አለች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አብራት የመጣችው ከጎረቤት ቤት የምትሠራ ሌላ ኢትዮጵያዊት ነበረች። አረብኛዋ ለማእድ ቤትና ለገበያ የሚበቃ ነው። "ጣለኝ" የሚለውን ስትሰማ ወደ አፏ የመጣላት ቃል "ሰረዕ" ሆነ። ሰረዕ በአረብኛ የሚጥል በሽታ ነው። የሚገርመው የቃሉ ሥር ራሱ "መሬት ላይ መጣል" ማለት መሆኑ ነው፤ ትግል የሚባለው ስፖርት "ሙሳረዓ" የተባለው ከዚሁ ሥር ወጥቶ ነው። አማርኛም አረብኛም በሽታውን የሰየሙት በመጣሉ ነው። ጓደኛዋ ቃል በቃል ከሄድን አልተሳሳተችም። ልጅቷ ግን ያላትን በሽታ አልተናገረችም፤ የሌላት በሽታ ተጻፈባት።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆማ ነበር የዋለችው። ጾም ስለሆነ እህል አልቀመሰችም፤ ውሃም ረስታለች። መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እየተኮሰች ሳለ ሙቀት ወረራት፣ አጥወለወላት፣ ላብ አሰመጣት፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ ዓይኗ ጨለመባት። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ወለሉ ላይ መሆኗን ነው። ስትነቃ የት እንዳለች አውቃለች፤ ማዳሟንም በስሟ ጠርታታለች።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም ነርሷን ጠርቶ የልጅቷን የደም ግፊት መጀመሪያ ተኝታ፣ ቀጥሎ ቆማ እንድትለካ አዘዛት። ስትቆም ግፊቷ በጣም ወረደ፤ ያው ማጥወልወልም ተመለሰባት። የጭንቅላት ሲቲ ስካኗ ግን ከሁለት ሰዓት በፊት ተነስቶ አልቋል፤ ምንም አልተገኘበትም። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ልኬት እስከዚያ ድረስ ያሰበ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም "ሰረዕ" ለተባለ ሰው የሚታሰበው አንጎል እንጂ ውሃ ጥም አይደለም።

ይህን የማነሳው አንድን ሐኪም ለመክሰስ አይደለም። የተነገረውን ሰምቶ የሚገባውን አደረገ። የማነሳው ለእርስዎ፣ ለአንባቢው፣ አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፦ ራሱን ለሳተ ሰው የመጀመሪያውና ትልቁ ምርመራ ንግግር ነው። ንግግሩ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሣሪያ ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው ምርመራው በሦስት ነገሮች እንዲጀመር ይመክራል። አንደኛው የሆነውን በዝርዝር መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ተኝቶና ቆሞ የሚለካውን የደም ግፊት የጨመረ የአካል ምርመራ ነው። ሦስተኛው ኢሲጂ ነው። ኢሲጂ አረቦቹ "ተኽጢጥ አል-ቀልብ" የሚሉት፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚስል ምርመራ ነው። አያምም፣ ደም አይቀዳበትም፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለብዙ ሰው መልሱ ከእነዚህ ከሦስቱ ይገኛል፤ ሌላው ምርመራ የሚታዘዘው ሦስቱ በጠቆሙት አቅጣጫ ነው።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ራስን መሳት ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአጭር ጊዜ ሲቀንስ ሰው ንቃቱን አጥቶ መውደቅና ብዙም ሳይቆይ በራሱ መንቃት ነው። ምክንያቶቹም በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ ሰውነት ለሕመም፣ ለፍርሃት፣ ለሙቀት ወይም ለረጅም መቆም የሚሰጠው ምላሽ ነው። ደም አይቶ የወደቀ፣ መርፌ ሲወጋ የዞረበት፣ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ራሱን የሳተ ሰው ያላየ የለም። ሁለተኛው ከተቀመጡበት ወይም ከተኙበት ሲነሱ የደም ግፊት መውረድ ነው፤ የውሃ እጥረት፣ የደም መፍሰስ፣ አንዳንድ የግፊትና የሽንት መድኃኒቶች ያመጡታል። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሙ ምክንያቱን ወደዚያ ይጠረጥራል። ሦስተኛው የልብ ችግር ነው፤ ምቱ ሲዛባ ወይም የደሙ መንገድ ሲጠብ። የሚገድለው በዋናነት ይኼኛው ነው።

ሦስቱም ሰዎች ሆስፒታል ሲደርሱ ነቅተዋል። ሦስቱም ይናገራሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ "ደህና ነኝ" ይላሉ። የሚለያቸው ከመውደቃቸው በፊት፣ ሲወድቁና ከነቁ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ያ ነገር አልፏል፤ ማሽን አያገኘውም። ያለው በታካሚውና ባየው ሰው አንደበት ላይ ብቻ ነው።

አሁን እስቲ በእኛ ቋንቋ የምንናገረውን ይመልከቱ። "ራሴን ሳትኩ" የሚለው ቃል በቃል ወደ አረብኛ ከተመለሰ ትርጉም አይሰጥም። ትክክለኛው "ኡግሚየ ዐለይየ" ወይም "ፈቀድት አል-ወዕይ" ነው። "አዞረኝ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፦ ቤቱ ዙሪያዬን ተሽከረከረ፣ ወይም ዓይኔ ጨልሞ ልወድቅ ነበር። አረብኛውም "ደውኻ" ብሎ ሁለቱን ይጠቀልላቸዋል። ለሐኪሙ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መሽከርከሩ ብዙ ጊዜ ወደ ጆሮ ውስጠኛ ክፍል ይመራል፣ መጨለሙ ደግሞ ወደ ደም ዝውውር።

"ደም አንሶኛል" ስንልም እንዲሁ ነው። የደም ማነስ በሽታ ነው ወይስ የደም ግፊት መውረድ? አረብኛው የመጀመሪያውን "ፈቅር አድ-ደም" ይለዋል፣ የደም ድህነት እንደማለት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ "ሁቡጥ አድ-ደግጥ" ይለዋል። አንዳንዱ አረብ በበኩሉ "ሁቡጥ" ብቻ ይልና የግፊት ይሁን የስኳር መውረድ ሳይለይ ይተወዋል።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ "ልቤ" የሚለው ቃል ነው። "ልቤን አጥወለወለኝ" ያለች ሴት የምታወራው ስለ ማስመለስ ነው። "ቀልቢ" ተብሎ ከተተረጎመ ግን ሐኪሙ ወደ ልብ ይሮጣል። በተቃራኒው "ልቤ ድው ድው አለብኝና ወደቅኩ" ያለ ሰው የሚናገረው ስለ እውነተኛው ልብ ነው። ይህ "ፈራሁ" ተብሎ ከተተረጎመ ሊያድነው የሚችለው ፍንጭ እዚያው ቀረ።

ይህ ደግሞ የመላ ምት አይደለም። አንድ ወንድማችን ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ። ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ክሊኒክ ሄዶ ሁለት ጊዜም "ሙቀት ነው" ተብሎ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተመልሷል። በሦስተኛው እኔ በስልክ ገባሁ። ሐኪሟ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ ስትወድቅ ምን እያደረግህ ነበር? "ዐርብ ዐርብ ኳስ እንጫወታለን፤ እየሮጥኩ ነው" አለ። ቀደም ሲልስ? "አንዴ ጆንያ ይዤ ደረጃ ስወጣ።" ከመውደቅህ በፊት ምን ተሰማህ? "ልቤ እንደ ከበሮ መታ፤ ሌላ ምንም።" ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ?

እዚህ ላይ ዝም አለ። ቆይቶ "ታላቅ ወንድሜ" አለ። "ማሳ ላይ እንዳለ ወድቆ ቀረ። መጋኛ መታው ነው የተባለው።"

"መጋኛ"ን ለሐኪሟ እንዴት እንደማስረዳ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ "ሰዎች ለድንገተኛ ሞት የሚሰጡት ስም ነው" አልኳት። ለእሷ ይህ በቂ ነበር። ኢሲጂው ተነሳ፣ ጤናማ አልነበረም። ቀጥሎ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኤኮ የሚባለው፣ ታየለት፤ የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሯል። ይህ በቤተሰብ ሊወረስ የሚችል በሽታ ነው። ዛሬ ሕክምና ላይ ነው፤ ኳስና ሸክም ቀርቶበታል። አገር ቤት ያሉት ታናናሾቹም እንዲመረመሩ ተነግሮታል። ይህ ሁሉ የወጣው አንድ ሰው በሚገባው ቋንቋ "ምን እያደረግህ ነበር" ተብሎ ስለተጠየቀ ነው።

ስለዚህ እባክዎ ይህን ይያዙልኝ። እየሮጡ፣ እየሠሩ ወይም ሸክም ተሸክመው ሳለ ራስን መሳት፤ ተኝተው ሳለ ራስን መሳት፤ ከመውደቅ በፊት የልብ ምት መዛባት ወይም የደረት ሕመም፤ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው መኖር፤ ከዚህ በፊት የታወቀ የልብ በሽታ፤ እነዚህ አንዳቸውም ካሉ ነገሩ "ሙቀት ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ይሉኝታ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ የወደቀ ዕለት ልቡ ቆሞ ነበር፤ የዳነው በደቂቃዎች ውስጥ ስለተደረሰለት ነው። ሰው እየሮጠ ሳለ ሲወድቅ ልብ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ያየ ሰውም ግማሽ ምርመራ ነው። የወደቀ ሰው የራሱን መውደቅ አያይም። ሐኪሙ የሚፈልገው ያየችውን ማዳም፣ ሾፌሩን ወይም የሥራ ባልደረባውን ነው። ፊቱ ነጣ ወይስ ጠቆረ? ምን ያህል ቆየ? ተንቀጠቀጠ? ሲነቃ የት እንዳለ ያውቃል ወይስ ለረጅም ጊዜ ግራ ተጋብቶ ቆየ? ምላሱን ነክሷል?

በተለይ መንቀጥቀጡ ብዙዎቻችንን ያሳስታል። ራሱን የሳተ ሰው እጅ እግሩ ስለተንቀጠቀጠ ብቻ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። በ1994 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ጤናማ በጎ ፈቃደኞች ሆን ተብሎ ራሳቸውን እንዲስቱ ተደርጎ በቪዲዮ ቀርጿቸዋል። ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ከሳቱት መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ተንቀጥቅጠዋል። የሚጥል በሽታ አንዳቸውም አልነበረባቸውም። ምልክቱ ይበልጥ ወደ የሚጥል በሽታ የሚያዘነብለው የምላስ ጎን ከተነከሰ፣ መንቀጥቀጡ ረዝሞ ከቆየና ሰውየው ከነቃ በኋላም ለረጅም ጊዜ ካልተረጋጋ ነው። ማዳሟ "ተንቀጠቀጠች" ብላ ብቻ ከተናገረች፣ "ለ10 ሰከንድ" የሚለውን ካልጨመረች፣ አንዲት ጤነኛ ሴት ለማያስፈልጋት መድኃኒት ልትዳረግ ትችላለች።

ከሦስቱ በኋላ የሚመጡትን ምርመራዎችም ማወቁ አይከፋም። በጣት ደም የሚታየው ስኳር አለ። የደም ማነስን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ምርመራ አለ፤ የወር አበባ ለሚበዛባቸው ሴቶች በተለይ ይጠቅማል። ልባቸው አልፎ አልፎ ለሚዛባ ሰዎች ሆልተር አለ፤ ደረት ላይ ተለጥፎ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የልብን ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከፈለሰፈው አሜሪካዊ ከኖርማን ሆልተር ነው። በወራት አንዴ ብቻ ለሚወድቅ ሰው የአንድ ቀን ምዝገባ ምንም ላያሳይ ስለሚችል ከቆዳ ሥር ተቀብሮ እስከ 3 ዓመት ገደማ የሚመዘግብ መሣሪያም አለ። ምክንያቱ ላልተገኘለት ደግሞ የሚያዘነብል አልጋ አለ። ታካሚው ታስሮበት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ቀና ይደረጋል፤ ግፊቱና የልብ ምቱ እየታየ ይቆያል። ከ1986 ጀምሮ፣ የለንደን ሐኪሞች ጥቅሙን ዘ ላንሴት ላይ ካሳተሙ ወዲህ የተለመደ ነው። አልጋው ላይ ራሳቸውን ቢስቱ አይደንግጡ፤ የተፈለገው እሱን ለማየት ነው።

"ታዲያ ሁሉም ምርመራ አንድ ላይ ቢደረግ ምን ይጎዳል?" የሚሉ አሉ። ቤተሰብ እንዲህ ይላል፣ ገንዘብ ያለው አሠሪም እንዲህ ይላል። ቅንነት አለበት። ነገር ግን ሲቲ ስካን ጨረር ነው፤ ገንዘብ ነው፤ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ከ2012 ጀምሮ ቀላል ራስን መሳት ላጋጠመውና የነርቭ ምርመራው ጤናማ ለሆነ ሰው የአንጎል ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም እንዳይታዘዝ ይመክራል፤ መልስ ስለማይሰጥ ነው። የአንጎል ሞገድ የሚቀዳው ኢኢጂም አንዳንድ ጤነኛ ሰው ላይ የሚያጠራጥር ነገር ያሳያል፤ ያን ጊዜ የሌለ በሽታ ይወለዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሐሰት ዕረፍት ነው። ያ የመጋዘን ሠራተኛ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ቢነሳ ኖሮ "ንጹሕ ነህ" ይባል ነበር። ወደ ሜዳው ይመለስ ነበር።

የሐኪሞቹንም ችግር አውቃለሁ። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል፣ ሌሊት ነው፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በአካል የለም። ማሽን ማዘዝ ቀላል ነው፤ ንግግር መጀመር ከባድ ነው። ስልክ ግን አለ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ቋንቋውን ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ይገለገላሉ። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚሠሩት ወገኖቻችን በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ የስልክ መስመር ከአንድ ሲቲ ስካን ርካሽ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ። ወደዚህ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ የአረብኛ ቃል አለ፦ "ፈህስ"። ኢቃማ ለማግኘት ደም የምንሰጥበት፣ ደረታችን የሚነሳበት ምርመራ ነው። መጨረሻው "ላኢቅ" ወይም "ገይር ላኢቅ" ነው፤ ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ። ለብዙዎቻችን ምርመራ ማለት ይኼ ነው፤ የሚፈርድ እንጂ የሚያድን አይደለም። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ "ፈህስ እናደርጋለን" ሲል እህታችን የምትሰማው "ልትባረሪ ነው" የሚለውን ነው። ትደብቃለች። ከዚህ በፊት ወድቃ እንደሆነ ስትጠየቅ "በፍጹም" ትላለች። የምትወስደውን መድኃኒት አትናገርም። የወር አበባዋ እንደቀረ አትናገርም።

ፍርሃቷን አልንቀውም፤ ከባዶ የመጣ አይደለም። ግን ሁለቱ ምርመራዎች አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ያኛው የሚጠይቀው "ትሠሪያለሽ ወይ?" ነው። ይኼኛው የሚጠይቀው "ለምን ወደቅሽ?" ነው። ለሁለተኛው የተሸሸገ መልስ የሚጎዳው የሸሸገውን ሰው ብቻ ነው። የእርግዝና ጥያቄም ነውር ሆኖ አይደለም የሚመጣው። ከማሕፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ውስጥ ለውስጥ ሲደማ የመጀመሪያው ምልክት ራስን መሳት ሊሆን ይችላል፤ ካልተደረሰበት ይገድላል። ይህን ጥያቄ አሠሪ ፊት መመለስ የሚከብድ ከሆነ ብቻዎን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር እንደሚፈልጉ ይናገሩ። እኔም በስልክ ስተረጉም መጀመሪያ የምጠይቀው "ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን አለ?" ብዬ ነው።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ ተርጉሞ የሚያነብላቸው ሰው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ድረስ በፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አየር በሌለው ክፍል የምትተኩሰውን፣ ምድጃ ሥር የምትውለውን ሴት ፀሐይዋን የሚለካ የለም። ውሃ፣ ወንበርና የዕረፍት ሰዓት ሕክምና ናቸው። ሠራተኛዎ ከወደቀች "አስመስላ ነው" ከማለትዎ በፊት ያዩትን ለሐኪሙ ይንገሩ። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም መስኮት ለማጽዳት መሰላል ላይ አያውጧት።

ሰው ፊትዎ ቢወድቅስ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ሽንኩርት ማስጠጋት፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት ምክንያቱን አያክምም። ይዘው አያስቀምጡት፣ ቀና አያድርጉት። በጀርባው ያስተኙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ። መተንፈሱን ይመልከቱ። በቶሎ ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ልክ ካልሆነ አምቡላንስ ይጥሩ፦ በኤምሬቶች 998፣ በሳዑዲ 997፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999። ሰዓትዎን አይተው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይያዙ። ሌላ ሰው ካለ በስልኩ ይቅረጽ፤ ቪዲዮው ለመሳቂያ ወይም ለቲክቶክ ሳይሆን ለሐኪሙ ብቻ ይሁን።

ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊትም ይህን በአማርኛ ይጻፉ ወይም በስልክዎ ድምፅ ይቅረጹ፦ የት ነበርኩ፣ ቆሜ ነበር ወይስ ተቀምጬ ወይስ እየሠራሁ፣ ምን ተሰማኝ፣ ስንት ጊዜ ሆኖብኛል፣ ምን በልቼና ጠጥቼ ነበር፣ ምን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ከቤተሰብ ድንገት የሞተ አለ ወይ። የመጨረሻውን ለማወቅ ወደ አገር ቤት መደወል ሊያስፈልግ ይችላል። እናትዎን ወይም አጎትዎን ይጠይቁ። "መጋኛ" ቢሉዎት፣ "ዛር" ቢሉዎት፣ "ቡዳ" ቢሉዎት አይከራከሩ፤ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ምን እያደረገ ነበር ብለው ብቻ ይጠይቁ።

ከዚያ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃልዎ ይያዙ፦ "አቢ ሙተርጂም አምሐሪ"፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ሴትም ብትል ወንድም ቢል አይለወጥም። በጨዋነት ይበሉት፤ ካልሰሙዎትም ይድገሙት።

ያቺ የመጀመሪያዋ እህት በዚያው ሌሊት ውሃና ጨው ተሰጥቷት፣ ኢሲጂዋ ጤናማ መሆኑ ታይቶ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ያ የጻፉብኝ ስም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋልኝ ይሆን?" ሐኪሙን ጠየቅሁላት። መዝገቡን ከፍቶ ሰረዘው፤ በምትኩ የሆነውን ጻፈ። እኔም በስልክ ቃል በቃል አነበብኩላት። "አዎ" አለች፣ "እንዲህ ነው የሆነው።"